ውኃ የሌለበት ገንዳ

በ1834 ኦገስት ወር ጆን ስኮት ራስል የተባለ የ26 ዓመት ስኮትላንዳዊ መሐንዲስ ኤደንብራ አጠገብ በሚያልፈው የዩኒየን ቦይ ዳር ሆኖ፣ በሁለት ፈረሶች እየተጎተተች የምትሄድ ጀልባ ይመለከት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጀልባዋ ድንገት ቆመች። የገፋችው ውኃ ግን አልቆመም። ከፊቷ ተሰብስቦ ጥቂት ከተናወጠ በኋላ አንድ ለስላሳ ጉብታ ሆኖ፣ ጀልባዋን ጥሎ ወደፊት ገሰገሰ። ራስል በፈረስ ተከተለው። ጉብታው 9 ሜትር ያህል ርዝመትና ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ነበረው፤ በሰዓት 13 ወይም 14 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ ቅርጹን ሳይለቅ ረጅም መንገድ ሄደ። ከአንድ ወይም ከሁለት ማይል በኋላ ግን በቦዩ መጠማዘዣዎች መካከል ከዓይኑ ተሰወረ።

ራስል ተደንቆ ብቻ አልቀረም። ቤቱ ገንዳ ሠርቶ፣ በአንድ ጫፉ ክብደት እየጣለ ያንኑ ጉብታ ደጋግሞ ፈጠረው። ሞገዱ ከፍ ባለና ውኃው በጠለቀ መጠን ፍጥነቱ እንደሚጨምር በልኬት አረጋገጠ። የብሪታንያ የሳይንስ ዕድገት ማኅበር ከ1844 ጉባኤው ጋር ያሳተመለት ዘገባ የዚያ ልፋት ውጤት ነው። ይህን ትረካ ከእሱ የጀመርኩት ስለ ሥራው ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ እውነተኛውን ውኃ አየ፣ ቀጥሎ በገንዳ ደገመው፣ ከዚያም ለካው። ከእሱ በኋላ የመጡት ሰዎች ገንዳውን ከእንጨት ወደ ኮንክሪት፣ ከኮንክሪት ወደ ኮምፒውተር ሲያሸጋግሩ፣ ይህን ቅደም ተከተል በጠበቁበት ጊዜ ሥራው ሠምሮላቸዋል። በዘለሉት ጊዜ ደግሞ ሰው አልቋል።

የዘመኑ ሊቃውንት ራስልን ወዲያው አላመኑትም። የእንግሊዝ መንግሥት የሥነ ፈለክ ሊቅ የነበረው ጆርጅ ኤሪ በ1845 ስለ ባሕር ሙላትና ስለ ሞገድ ባሳተመው ትልቅ ጥናት ለራስል ጉብታ የተለየ ቦታ አልሰጠውም። ይሁንና ኤሪ የተወው ቅርስ ትልቅ ነው። የሞገዱ ከፍታ ከርዝመቱ ጋር ሲነጻጸር በጣም ትንሽ ከሆነ ሒሳቡ እንደሚቀል አሳየ። በእሱ ቀመር መሠረት በጥልቅ ባሕር ላይ በየ10 ሰከንዱ የሚመላለስ ሞገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ 156 ሜትር ይረዝማል፣ በሰዓትም 56 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ዛሬም ቢሆን የወደብ መሐንዲስ ስሌቱን የሚጀምረው ከዚሁ ነው። በ1847 ጆርጅ ስቶክስ አንድ እርምጃ ጨመረ፤ ከፍ ያለ ሞገድ አናቱ እየሾለ፣ እግሩ ደግሞ እየተዘረጋ እንደሚሄድ በሒሳብ አሳየ።

ስቶክስ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ሌላም ነገር ሠርቶ ነበር። ፈረንሳዊው ክሎድ ናቪዬ በ1822 የጀመረውን የፈሳሽ እንቅስቃሴ እኩልታ አስተካክሎ ጽፎታል። ስለዚህ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የውኃ ሕግ በወረቀት ላይ ሰፍሮ ነበር ማለት ይቻላል። የጎደለው መፍቻው ነው። የሞገድ ችግር ከብዙው የፈሳሽ ችግር የሚለይበት አንድ ቋጠሮ አለው። ውኃው የት ላይ እንደሚያበቃ ለማወቅ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ማወቅ ያሻል፤ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ለማወቅ ደግሞ የት ላይ እንደሚያበቃ ማወቅ ግድ ይላል። በቧንቧ ውስጥ የሚያልፍ ውኃ ወሰኑ ብረቱ ነው። የባሕር የላይ ገጽ ግን ራሱ የሚፈለገው ነገር ነው።

ቋጠሮውን በብዕር መፍታት ሲያቅት መሐንዲሶች በገንዳ አለፉት። ኢዛምባርድ ኪንግደም ብሩኔል በዘመኗ ወደር ያልነበራትን ግሬት ኢስተርን የተባለች መርከብ ሲነድፍ፣ ለንደን ውስጥ በቴምዝ ወንዝ ዳር የሠራት ያው ራስል ነበር። መርከቧ በሞገድ ላይ እንዴት እንደምትንገዳገድ እንዲያጠናለት ብሩኔል የጠየቀው ደግሞ ዊልያም ፍሩድን ነው። ፍሩድ ያስጨነቀው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፦ በትንሽ አምሳያ ላይ የተለካ ነገር ወደ ትልቁ መርከብ የሚሻገረው በምን ሕግ ነው? መልሱ ፍጥነት ከርዝመት ስኩዌር ሩት ጋር አብሮ እንዲቀንስ ማድረግ ነው። 25 ጊዜ ባነሰ አምሳያ ላይ ፍጥነቱ 5 ጊዜ ይቀንሳል፤ በባሕር ላይ 10 ሰከንድ የሚፈጀው ሞገድ በገንዳው ውስጥ 2 ሰከንድ ይበቃዋል።

ፍሩድን የማከብረው ግን ስለ ቀመሩ ብቻ አይደለም። በ1871 ግሬይሃውንድ የተባለችን እውነተኛ የጦር መርከብ በሌላ መርከብ አስጎትቶ የገመዱን ውጥረት ለካ፤ ቁጥሩንም ከትንሿ አምሳያ ውጤት ጋር አስተያየ። ተስማማ። በ1872 በደቡብ እንግሊዝ፣ ቶርኪ ከተማ፣ በቤቱ አጠገብ 85 ሜትር ያህል የሚረዝመው የባሕር ኃይሉ ገንዳ ሥራ ጀመረ። አምሳያዎቹ ከፓራፊን ሰም የተቀረጹ ነበሩ፤ ሰም ለመቅረጽም ለማስተካከልም ይመቻልና። ፍሩድ የገንዳውንም ድክመት ያውቅ ነበር። መርከቡን ማሳነስ ይቻላል፣ የውኃን ዝልግልግነት ግን ማሳነስ አይቻልም፤ በትንሹ ገንዳ ውስጥ ያለው ውኃ የባሕሩ ዓይነት ውኃ ነው። ስለዚህ የሰበቃን ድርሻ ከሞገድ ድርሻ ለይቶ ማስላት ነበረበት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት በፍጥነት ሊታለፉ ይችላሉ። በ1895 ሁለት የኔዘርላንድ ሰዎች፣ ኮርተቬግና ደ ፍሪስ፣ የራስል ጉብታ የግድ የሚገኝበትን እኩልታ ጻፉ፤ ራስል ከሞተ 13 ዓመት ሆኖት ነበር። በ1928 ኩራንት፣ ፍሪድሪክስና ሌዊ የተባሉ የሒሳብ ሰዎች፣ እኩልታን በቁራጭ ጊዜና በቁራጭ ቦታ ከፋፍሎ የሚያሰላ ሰው የጊዜ እርምጃውን ከልክ በላይ ካረዘመ ስሌቱ እንደሚፈርስ አረጋገጡ። በዓመቱ ቶማስ ሃቭሎክ በገንዳ ጫፍ ላይ የሚወዛወዝ ገፊ ሰሌዳ ምን ዓይነት ሞገድ እንደሚፈጥር ቀመሩን አወጣ። ሁሉም ጓዝ በየቦታው ተቀምጦ የሚያሰላ መኪና ይጠብቅ ነበር።

በመካከሉ ግን ቫዮንት መጣ።

በሰሜን ምሥራቅ ጣሊያን፣ በቶክ ተራራ ሥር፣ በቫዮንት ወንዝ ላይ 262 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ቀጭን የኮንክሪት ግድብ ተሠራ። የእኛ የሕዳሴ ግድብ 145 ሜትር መሆኑን የሚያውቅ አንባቢ የከፍታውን ነገር ራሱ ይገምተዋል። ሐይቁ መሙላት ሲጀምር የቶክ ተዳፋት መንቀሳቀስ ጀመረ። በኖቬምበር 1960 ላይ 700,000 ሜትር ኩብ ያህል አፈርና ድንጋይ ወደ ውኃው ተናደ፤ ከላይ በተራራው ገጽ ላይም 2 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ስንጥቅ ተከፈተ። ትልቅ ናዳ ሊመጣ እንደሚችል ለባለሙያዎቹ ግልጽ ሆነ። ናዳው ምን ያህል ሞገድ ያስነሳ ይሆን የሚለው ነበር ጥያቄው።

መልሱን ከገንዳ ፈለጉ። በ1961 እና በ1962 የፓዶቫ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር አውጉስቶ ጌቲ ኖቬ በተባለ ቦታ የሸለቆውን አምሳያ 200 ጊዜ አሳንሰው አሠሩ። ተራራውን ወክሎ የገባው ጠጠር ነበር። ጠጠር እየተበተነ ይወርዳል፤ ቶክ ግን አንድ ወጥ ሆኖ፣ በአንድ ጊዜ፣ ማንም ባልገመተው ፍጥነት ነው የሚወርደው። በሙከራው የታሰበው የናዳ መጠንም 40 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ነበር። ከዚህ ሁሉ የወጣው መደምደሚያ፣ የሐይቁ ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 700 ሜትር ላይ ከተያዘ እጅግ የከፋው ናዳ ቢመጣም አያሰጋም የሚል ሆነ።

ኦክቶበር 9 ቀን 1963፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ39 ደቂቃ። ውኃው ደህና ነው በተባለበት በዚያው 700 ሜትር ወለል አካባቢ ነበር። ከ260 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የማያንስ ተራራ አንድ ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ተንሸራቶ ሐይቁን ሞላው። ውኃው በተቃራኒው ተዳፋት ላይ ከ200 ሜትር በላይ ወጣ፤ ከፊሉ በግድቡ አናት ተሻግሮ ወደ ፒያቬ ሸለቆ ወረደ። የሎንጋሮኔ ከተማና በዙሪያዋ ያሉ መንደሮች በደቂቃዎች ውስጥ ጠፉ። 2,000 ያህል ሰዎች ሞቱ። ግድቡ ራሱ አልፈረሰም፤ እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል።

በእኔ እምነት በኖቬ የነበረው ገንዳ ያጠፋው ነገር የለም፤ የተሰጠውን ጠጠርና የተሰጠውን መጠን ተቀብሎ በታማኝነት መልስ ሰጥቷል። ጥፋቱ ጠጠሩ ተራራውን ይመስል እንደሆነ ሳይመረመር የሰው ሕይወት በመልሱ ላይ መጣሉ ነው። ይህ ጉዳይ የሚሠራው ገንዳው ከውኃ ሲሆን ብቻ እንዳይመስለን። ኮምፒውተርም የሚመልሰው በተሰጠው ተራራ ልክ ነው።

ከቫዮንት ሁለት ዓመት በኋላ፣ በኒው ሜክሲኮ በረሃ፣ የአቶሚክ ቦምብ በተሠራበት በሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ፣ ፍራንሲስ ሃርሎውና ኤዲ ዌልች ያንን የጥንቱን ቋጠሮ ፈቱት። ዘዴያቸው ሲነገር ቀላል ነው። ውኃው ያለበትን ቦታ በትንንሽ አራት ማዕዘን ክፍሎች ይከፋፍሉታል። በየክፍሉ መሐል ግፊት ይመዘገባል፣ በየክፍሉ ጎን ደግሞ ፍጥነት። ከዚያ ክብደት የሌላቸው ምልክት ነጥቦች በውኃው ውስጥ ይበተናሉ፤ ውኃው በሄደበት ይሄዳሉ። ነጥብ ያለበት ክፍል ውኃ አለው፤ የሌለበት ባዶ ነው፤ የሁለቱ ድንበር የውኃው ገጽ ነው። ውኃው አሁን የት እንዳለ ይታወቃል፤ ከዚያ ፍጥነቱ ይሰላል፤ በፍጥነቱ ልክ ነጥቦቹ ቅንጣት ታህል ይገፋሉ፤ አዲሱ ገጽ ይገኛል፤ ስሌቱ እንደገና ይጀመራል። እርምጃው ምን ያህል አጭር መሆን እንዳለበት የ1928ቱ ሕግ ይወስናል። በዚህ መንገድ አጋጅ በድንገት የተነሳለት ውኃ እንዴት እንደሚዘረገፍ በወረቀት ላይ ነጥብ በነጥብ ታየ። ውኃ የሌለበት ገንዳ የተወለደው በዚህ ሥራ ነው እላለሁ።

በዚያው በ1965 ሌላም ነገር ሆነ። ቀደም ሲል በ1950ዎቹ እዚያው ሎስ አላሞስ ውስጥ ኤንሪኮ ፌርሚ፣ ጆን ፓስታና ስታኒስላው ኡላም ማኒያክ በተባለው ኮምፒውተር ላይ እርስ በርስ የተያያዙ ቅንጣቶችን እንቅስቃሴ ሲያስሉ ያልጠበቁት ውጤት ገጥሟቸው ነበር፤ ኃይሉ ተበታትኖ እንደመቅረት ወደ ተነሳበት ቅርጽ ይመለሳል። (ፕሮግራሙን የጻፈችው ሜሪ ሲንጉ ነበረች፤ ስሟ ከሦስቱ ወንዶች ጎን በሚገባው ቦታ የገባው ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ነው።) ኖርማን ዛቡስኪና ማርቲን ክሩስካል ምክንያቱን ሲፈልጉ የደረሱት ኮርተቬግና ደ ፍሪስ ዘንድ ነበር። እኩልታቸውን በኮምፒውተር ሲያሰሉት፣ እርስ በርሳቸው ተላልፈው ቅርጻቸውን ሳይለቁ የሚሄዱ ጉብታዎች ታዩ። ሶሊቶን ብለው ሰየሟቸው። ራስል ከ131 ዓመት በፊት በፈረስ ያሳደደው ጉብታ እነሆ በቁጥር ተመለሰ።

የሃርሎው ዘዴ ትልቅ ጉድለት ዋጋው ነበር። ውኃውን እስከ ታች በክፍል መሙላት የዚያን ዘመን ኮምፒውተር ያንበረክካል። በ1976 እንግሊዛዊው ማይክል ሎንጌት ሂጊንስ ኮክሌት ከተባለ ባልደረባው ጋር ሆኖ ሌላ በር ከፈተ። የውኃን ሰበቃ ከተውን፣ ውኃውም በውስጡ የማይሽከረከር ነው ካልን፣ ከሥር ያለው ሁሉ በላይኛው ገጽ ይወሰናል። እንግዲያው የባሕሩን ሆድ ማስላት ለምን ያስፈልጋል? በገጹ ላይ አንድ ረድፍ ነጥብ መደርደርና እነሱን ብቻ መከተል ይበቃል። ሞገዱ ሲሾል፣ ፊቱ ቀጥ ሲል፣ አናቱ ወደፊት ተጠቅልሎ እንደ ምላስ ሲወረወር ስሌቱ ተከተለው። ከዚያ በፊት የሞገድ ሒሳብ ከመሰበሩ አፋፍ ላይ ይቆም ነበር፤ አሁን አፋፉን አለፈ።

የእነዚህን ሰዎች ጥናት ሳነብ ደስ የሚለኝ አንድ ነገር አለ። ሞገዱ እየሾለ ሲሄድ ነጥቦቹ አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች እየሆኑ ገጹ የመጋዝ ጥርስ ያወጣ ነበር። ይህ የውኃ ጠባይ ሳይሆን የስሌቱ ሕመም ነው። ገጹን በየጊዜው በሚያለሰልስ ቀመር አስታገሱት፤ ይህንንም በግልጽ ጻፉት። ከእነሱ በኋላ የመጣው ሁሉ ሕመሙን ስለሚያውቅ የተሻለ መድኃኒት መፈለግ ቻለ። የዘዴው ወሰንም ግልጽ ነበር፤ የተወረወረው ምላስ ከሥሩ ያለውን ውኃ በነካ ቅጽበት ስሌቱ ያበቃል።

ያን ድንበር ለመሻገር የወጣው መንገድ እንደገና ከሎስ አላሞስ መጣ። በ1981 ሃርትና ኒኮልስ ነጥብ መበተኑን ትተው ለእያንዳንዱ ክፍል ከ0 እስከ 1 የሚሆን አንድ ቁጥር ሰጡት። 1 ከሆነ ሙሉ ውኃ ነው፣ 0 ከሆነ ባዶ፣ በመካከል ከሆነ የውኃው ገጽ በዚያ ያልፋል። ውኃው ቢሰበር፣ ቢረጭ፣ ተመልሶ ቢቀላቀል ቁጥሮቹ ይከተሉታል። ዛሬም የሚሰበር ሞገድ ከሚሰላባቸው ዋና ዋና መንገዶች አንዱ ይኸው ዘዴ ነው። በዚያው ዓመት ኖርዌጂያኑ ቪንዬና ብሬቪግ የሎንጌት ሂጊንስን መንገድ ወደ ኢንዱስትሪ አስጠጉት፤ የሚሰበር ሞገድ በጥልቀቱ ውስን በሆነ ባሕር ላይ እንዲሰላ አደረጉ። ኖርዌይ ለዚህ በቂ ምክንያት ነበራት፤ የሰሜን ባሕር ነዳጅ ማውጫዎች በማዕበል መካከል ቆመው ነበርና። በፌብሩዋሪ 1982 ከካናዳ ኒውፋውንድላንድ ባሻገር ኦሽን ሬንጀር የተባለው ግዙፍ ተንሳፋፊ መቆፈሪያ ሲሰምጥ 84ቱም ሠራተኞች አልቀዋል። የጥፋቱ ሰንሰለት የጀመረው ማዕበል የመቆጣጠሪያ ክፍሉን መስኮት ሰብሮ ባሕሩ ወደ መሣሪያዎቹ ሲገባ ነው። አንድ ሞገድ በምን ያህል ኃይል ምን ላይ እንደሚያርፍ ማወቅ የሞትና የሕይወት ጉዳይ መሆኑን ከዚያ በኋላ የሚጠራጠር አልነበረም።

አሁን የቀረው የገንዳው ግድግዳ ነበር። ባሕር ዳርቻ አለው እንጂ ግድግዳ የለውም። ገንዳ ግን፣ ውኃ ያለበትም የሌለበትም፣ የሆነ ቦታ ያልቃል፤ ሞገዱም ግድግዳውን መትቶ ይመለስና ሙከራውን ያበላሻል። ኤደንብራ ላይ ከሞገድ መብራት ለማመንጨት ይሞክር የነበረው ስቲቨን ሶልተር በ1970ዎቹ የሚመጣውን ሞገድ ኃይል እያወቁ ራሳቸውን የሚያስተካክሉና የሚውጡት ገፊ ሰሌዳዎችን ሠራ። በስሌቱ በኩል እስራኤላዊው ሞሼ ኢዝራኤሊና አሜሪካዊው ስቲቨን ኦርሳግ በ1981 በወሰኑ አጠገብ እንቅስቃሴን ቀስ በቀስ የሚያበርድ ቀጠና ስለማበጀት ጻፉ። በ1996 ደግሞ አላን ክሌማን በናንት፣ ፈረንሳይ፣ ረጅሙን ሞገድ በአንድ ዘዴ፣ አጭሩን በሌላ ዘዴ የሚውጥ ጥምረት አቀረበ። ይህ ሁሉ ለውጭ ተመልካች ቁም ነገር ላይመስል ይችላል። ግን የዘመኑ ተመራማሪዎች ብዙ ዕድሜያቸውን የሰጡት ለዚህ ነው፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ "የቁጥር የሞገድ ገንዳ" ራሱን የቻለ የጥናት ዘርፍ መባል የቻለውም ግድግዳው ከተሸነፈ በኋላ ነው።

ሌላው ትልቅ ሐሳብ ከሰማይ ነው የወረደው። በ1977 ጊንጎልድና ሞናሃን፣ ለብቻው ደግሞ ሉሲ፣ ለከዋክብት ጥናት ጋዝን በቅንጣቶች የመወከል ዘዴ አውጥተው ነበር። በ1994 ጆ ሞናሃን አውስትራሊያ ውስጥ ሆኖ ይህንኑ ወደ ውኃ አመጣው። ክፍልም መረብም የለም፤ ውኃው ራሱ ቅንጣቶች ነው፤ እያንዳንዱ ቅንጣት በጎረቤቶቹ ግፊት ይንቀሳቀሳል። ገጹን መፈለግም አያስፈልግም፤ ቅንጣቶቹ ባሉበት ውኃው አለ።

ወዲያው በዓመቱ መጀመሪያ፣ ጃኑዋሪ 1 ቀን 1995፣ በሰሜን ባሕር በድራውፕነር የጋዝ መድረክ ላይ የነበረ የሌዘር መለኪያ 25.6 ሜትር ከፍታ ያለው አንድ ሞገድ መዘገበ። በዙሪያው የነበሩት ትላልቅ ሞገዶች አማካይ ከፍታ 12 ሜትር ገደማ ነበር። መርከበኞች ለዘመናት ሲያወሩት የነበረው ድንገተኛ ግዙፍ ሞገድ በመሣሪያ ተያዘ። ያ አንድ መስመር ልኬት ለስሌት ሰዎች ትልቅ ስጦታ ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ የትኛውም ዘዴ ድራውፕነርን ማስረዳት ይችል እንደሆነ ይጠየቃል።

በዲሴምበር 2004 ሁለት ነገር ተከታትሎ ሆነ። በወሩ መጀመሪያ አካባቢ፣ መነሻው የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ የሆነው ኦፕንፎም የተባለ የፈሳሽ ስሌት ፕሮግራም ከነሙሉ ኮዱ ለሕዝብ በነጻ ተለቀቀ። በ26ኛው ቀን የሱማትራ የመሬት መንቀጥቀጥ ያስነሳው ሱናሚ ከኢንዶኔዥያ እስከ ሶማሊያ ባሕር ዳር ደርሶ ከ220,000 በላይ ሰዎችን ገደለ። አንዱ መሣሪያውን አመጣ፣ ሌላው አስፈላጊነቱን። ከዚያ በኋላ የሱናሚ ስሌት በብዙ አገሮች የመንግሥት ሥራ ሆነ።

ስሌት ብቻውን ግን አያድንም፤ ለዚህ ምስክሩ ፉኩሺማ ነው። የፉኩሺማ ዳይቺ የኑክሌር ጣቢያ ሊመጣ ይችላል ተብሎ የተዘጋጀለት ሱናሚ 5.7 ሜትር ነበር። በ2008 ባለቤቱ የቶኪዮ ኤሌክትሪክ ኩባንያ፣ የጃፓን መንግሥት ተመራማሪዎች በ2002 ያወጡትን የመሬት መንቀጥቀጥ ግምገማ ይዞ ስሌት አሠራ። ኮምፒውተሩ የሰጠው መልስ 15.7 ሜትር ነው። ዋናዎቹ ሕንጻዎች የቆሙበት መሬት ከባሕር በላይ 10 ሜትር ብቻ ነበር። የኩባንያው ኃላፊዎች ቁጥሩን አይተው ጉዳዩ በሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር በኩል እንደገና ይጠና አሉ። ግንብ አልተሠራም፤ ምድር ቤት የነበሩት የመጠባበቂያ ጄኔሬተሮችም ወደ ከፍታ አልወጡም። ኩባንያው ውጤቱን ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ያቀረበው ማርች 7 ቀን 2011 ነው። ከአራት ቀን በኋላ፣ ማርች 11፣ ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ያስነሳው ወደ 15 ሜትር የሚጠጋ ውኃ ጣቢያውን አጥለቀለቀው። ጄኔሬተሮቹ ሰጠሙ፣ ሦስት ሪአክተሮች ቀለጡ። በሰሜን በኩል፣ ለመንቀጥቀጡ መነሻ የበለጠ ቅርብ የነበረው የኦናጋዋ ጣቢያ ግን መሬቱ 14.8 ሜትር ከፍታ ላይ ስለተመረጠ ተረፈ።

ኖቬ ላይ ገንዳው ተራራውን የማይመስል ጠጠር ተሰጥቶት መልሱ ታመነ። እዚህ ደግሞ ስሌቱ ከእውነቱ እጅግ ተቀራርቦ ሳለ ሥራ ላይ አልዋለም። ከሁለቱ የትኛው የከፋ እንደሆነ ብጠየቅ ሁለተኛውን እላለሁ፤ የመጀመሪያዎቹ አላወቁም ነበርና።

ከዚያ ወዲህ ያሉት ዓመታት ለጋስ ናቸው። በ2012 የዴንማርኩ ያኮብሰንና ባልደረቦቹ፣ በ2013 ደግሞ የስፔኑ ካንታብሪያ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች፣ ኦፕንፎም ሞገድ የሚፈጥርባቸውንና የሚውጥባቸውን መሣሪያዎች ጨመሩበት። የስፔኑ ቪጎና የእንግሊዙ ማንቸስተር ዩኒቨርሲቲዎች የሞናሃንን ቅንጣቶች ለቪዲዮ ጌም በተሠሩ የግራፊክስ ካርዶች ላይ የሚያስኬደውን ዱዋልስፊዚክስ በነጻ አወጡ። በ2013 የጣሊያን ተመራማሪዎች በዚሁ የቅንጣት ዘዴ የቫዮንትን ምሽት መልሰው አሰሉት፤ ጠጠሩ ያልተናገረውን ቅንጣቶቹ ተናገሩ፤ ለሎንጋሮኔ ግን 50 ዓመት ዘግይቷል።

እውነተኛው ገንዳም አልሞተም። በ2014 ኤደንብራ፣ ራስል ፈረሱን ካስጋለበበት ቦይ ብዙም ሳይርቅ፣ ፍሎዌቭ የተባለ ክብ ገንዳ ተከፈተ። ስፋቱ 25 ሜትር፣ የውኃው ጥልቀት 2 ሜትር ነው፤ ዙሪያውን በ168 ገፊ ሰሌዳዎች የተከበበ በመሆኑ ከየትኛውም አቅጣጫ ሞገድ ማስነሳት ይችላል። የኦክስፎርድና የኤደንብራ ተመራማሪዎች የድራውፕነርን ሞገድ በዚህ ገንዳ ደገሙት፤ ውጤታቸው በ2019 ታትሟል። ሞገዶች በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሲጓዙ መሰበሩ ከፍታቸውን ይገድበዋል፤ ሁለት የሞገድ ሠራዊት በ120 ዲግሪ ገደማ ሲጋጠሙ ግን ውኃው ወደ ላይ ይወነጨፋልና ያን ያህል ሊያድግ ይችላል። ይህን የአሰባበር ልዩነት ያሳየው ውኃ ያለበት ገንዳ ነው።

ይህን የምታነቡ የውኃ ምህንድስና ተማሪዎች፣ አርባ ምንጭም ሁኑ ባሕር ዳር፣ ከላይ የጠቀስኳቸው ፕሮግራሞች ክፍያ አይጠየቅባቸውም፤ መካከለኛ ኮምፒውተር ላይም ትንሽ ገንዳ ማስኬድ ይቻላል። አውርዳችሁ ጫኑ። በመጀመሪያ የራስልን ጉብታ አስኪዱበት፤ ፍጥነቱን እሱ ከለካው ጋር አስተያዩ። ቀጥላችሁ በአቅራቢያችሁ ያለውን ሐይቅ ወይም ግድብ ሞገድ በመለኪያ ለኩና ከስሌታችሁ ጋር አመሳክሩ። የሚያሰጋ ቁጥር ካገኛችሁ ደግሞ በጽሑፍ አድርጋችሁ፣ ቀን ጽፋችሁበት፣ ለሚመለከተው ኃላፊ አድርሱ፤ መልስ እስክታገኙም ድረስ ተከታተሉት።